የአሦር ንጉሥ ሰናክሬምና የባቢሎን ጥፋት

የነነዌን ስም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ የሚጾመውን የሦስት ቀን ጾመ ነነዌ ቤተ ሰዎቻችን ሲጾሙ አይተናል። እስላም ጓደኞቻችንም የነቢዩ ዩኑስን ታሪክ ከወላጆቻቸው ሰምተዋል። ነገር ግን ያቺ ከተማ እንዴት ያለች እንደ ነበረች፤ ማን እንዳስጌጣትና በመጨረሻ ለምን እንደ ጠፋች ብንጠየቅ ብዙዎቻችን መልስ አናገኝም።

በታሪክ ክፍለ ጊዜ ስለ አሦርና ስለ ባቢሎን ጦርነት በተማርን ጊዜ በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። ክርክሩም ስለ አሦር ንጉሥ ስለ ሰናክሬም ነው። ከፊሎቻችን ከሩቅ ተራራ ውሃ ስቦ ከተማውን ያጠጣ ታላቅ ሠሪ ነው አልን። ከፊሎቻችን ደግሞ የሰው ከተማ በውሃ ያጠፋ ጨካኝ ነው አልን። መምህራችንም ከመፍረዳችን በፊት የሰውየውን ሕይወት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንድናጠና አዘዙን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥናት ፍሬ ነው። በውስጡ የሚገኙት የጥንት ዘመናት ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስ።

የአሦርና የባቢሎን ምድር ዛሬ ኢራቅ በሚባለው አገር ውስጥ ይገኛል። ጤግሮስና ኤፍራጥስ የሚባሉት ሁለት ታላላቅ ወንዞች ከሰሜን ወደ ደቡብ ይፈሱበታል። አሦር በሰሜን በኩል በጤግሮስ ዳር ስትሆን ባቢሎን በደቡብ በኩል በኤፍራጥስ ዳር ነበረች። የሁለቱ ሕዝቦች ቋንቋ አንድ ነበር፤ ልዩነቱ እንደ አውራጃ አነጋገር ያለ ነው። ጽሕፈታቸውም አንድ ነበር፤ ይኸውም በለሰለሰ ሸክላ ላይ በሸምበቆ እየተወጋ የሚጻፈው የሚስማር ቅርጽ ያለው ፊደል ነው። ከአማልክቶቻቸውም ብዙዎቹ አንድ ነበሩ። በጦር ኀይል አሦር ትበልጥ ነበር፤ በትምህርትና በቤተ መቅደስ ክብር ግን ባቢሎን ትበልጣለች። ስለዚህ የአሦር ነገሥታት ባቢሎንን ድል በነሡ ጊዜ እንኳ እንደ ሌላው አገር አይደፍሯትም ነበር። እንግዲህ በሁለቱ መካከል የነበረው ጠብ የባዕድ ጠብ አልነበረም፤ የአንድ ቤት ሰዎች ጠብ ነበር እንጂ። የአንድ ቤት ጠብ ደግሞ ሽማግሌ ካልገባበት መጨረሻው የከፋ ነው።

ሰናክሬም የዳግማዊ ሳርጎን ልጅ ነው። የስሙ ትርጉም ሲን የሚባለው የጨረቃ አምላክ ወንድሞችን ተካ ማለት ነው። ከዚህም የተነሣ ከእርሱ በፊት የተወለዱ ወንድሞቹ ሞተው ነበር ብለው ሊቃውንት ይገምታሉ። አልጋ ወራሽ ሳለ አባቱ ለዘመቻ በሚወጣበት ጊዜ እርሱ አገር ያስተዳድር ነበር። በሰሜን ከነበረው ከኡራርቱ መንግሥት የሚመጣውን የሰላዮች ወሬ እየሰበሰበም ለአባቱ ይልክለት ነበር። ደብዳቤዎቹ በሸክላ ላይ ስለ ተጻፉ እስከ ዛሬ ድረስ ይገኛሉ።

በ705 ዓመት ሳርጎን ዛሬ ቱርክ በሚባለው አገር ሲዋጋ ተገደለ፤ ሬሳውም ወደ አገሩ ተመልሶ ለመቀበር አልበቃም። ለአሦራውያን ይህ ታላቅ መርገም ነበር። ሰናክሬምም በነገሠ ጊዜ አባቱ አዲስ ያሠራትን ዋና ከተማ ትቶ መናገሻውን ወደ ጥንታዊቱ ነነዌ አዛወረ።

የሳርጎን ሞት በተሰማ ጊዜ በየአገሩ ዐመፅ ተነሣ። ከሁሉ የበረታው ባላጋራ የከለዳውያን አለቃ መሮዳክ ባልዳን ነበር። ይህ ሰው ቀደም ሲል ከ721 እስከ 710 በባቢሎን ነግሦ በሳርጎን የተባረረ ነው። በ703 ተመልሶ ዙፋኑን ያዘ፤ ዛሬ በኢራን ደቡብ ምዕራብ ባለው ምድር የነበረው የኤላም መንግሥትም ጦር ሰጥቶ ረዳው። ሰናክሬም ፈጥኖ ዘመተና በኩታና በኪሽ ከተሞች አጠገብ ድል አደረገው። መሮዳክ ባልዳን ወደ ደቡብ ሸሽቶ ሸምበቆ በበዛበት ረግረግ ገባ፤ የአሦር ወታደሮችም አምስት ቀን ሙሉ ፈልገው አጡት። ሰናክሬም በዚህ ጊዜ የባቢሎንን ቤተ መንግሥት በረበረ እንጂ ከተማዪቱን አላጠፋም። በነነዌ ቤተ መንግሥት ያደገውን ቤል ኢብኒ የሚባለውን የባቢሎን ተወላጅ አንግሦ ተመለሰ። ይህን ልብ በሉ፤ ሰውየው ሲጀምር አጥፊ አልነበረም።

በ701 ወደ ምዕራብ ዘምቶ የይሁዳን ምድር ወረረ። ያስጻፈው ታሪክ 46 የተመሸጉ ከተሞችን እንደ ያዘ ይናገራል። ከእነዚህ አንዷ ለኪሶ ናት፤ አወዳደቋንም በቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ በድንጋይ አስቀርጾታል። በመጽሐፍ ቅዱስ የኢትዮጵያ ንጉሥ ተብሎ የተጠራው የኩሽ ሰው ቲርሐቅ ሊገጥመው እንደ ወጣ በመጽሐፈ ነገሥት ተጽፏል፤ የኩሽ መንግሥት መናገሻ በዛሬው ሱዳን ውስጥ ነበረ። ንጉሡ ሕዝቅያስ 30 መክሊት ወርቅ እንደ ከፈለ የአሦርም ጽሑፍ መጽሐፍ ቅዱስም ይስማማሉ። ኢየሩሳሌም ግን አልተያዘችም። ይህን ታሪክ አንባቢዎቻችን ስለሚያውቁት ወደ ባቢሎን እንመለስ።

ቤል ኢብኒ ደካማ ንጉሥ ሆነ፤ መሮዳክ ባልዳንም እንደ ገና ማሤር ጀመረ። ስለዚህ ሰናክሬም በ700 ዘምቶ ቤል ኢብኒን ሻረው። መሮዳክ ባልዳን የአባቶቹን ዐፅም ከመቃብር አውጥቶ፤ የአማልክቱን ምስሎችም በመርከብ ጭኖ ወደ ኤላም ምድር ተሰደደ። በባቢሎን ዙፋን ላይ ማን ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ እንደ ገና ተነሣ። ሰናክሬምም ከሁሉ ይልቅ የሚያምነውን የበኵር ልጁን አሹር ናዲን ሹሚን አነገሠ። ለስድስት ዓመት ያህልም ሰላም ሆነ።

ሰላሙን ያፈረሰው ሰናክሬም ራሱ ነው። ወደ ኤላም ባሕር ዳር የተሰደዱትን ከለዳውያን ተከትሎ ለማጥፋት ፈለገ፤ መንገዱ ግን በውሃ ነበር። ስለዚህ ከሶርያ ምድር የተማረኩ ሠራተኞች በነነዌ መርከብ እንዲሠሩ አደረገ፤ ከጢሮስ፣ ከሲዶናና ከቆጵሮስም መርከበኞች አመጣ። መርከቦቹ በጤግሮስ ወርደው ጥቂት መንገድ በየብስ ከተጐተቱ በኋላ ወደ ኤፍራጥስ ውሃ ገቡ። በፋርስ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ የባሕሩ ሙላት በሌሊት ሰፈሩን አጥለቅልቆት ሠራዊቱ አምስት ቀንና ሌሊት በመርከብ ውስጥ ተጨናንቆ ቈየ። ሰናክሬምም የወርቅ መርከብና የወርቅ ዓሣ ለውሃው አምላክ ወደ ባሕር ጣለ። ጦሩ ባሕሩን ተሻግሮ ከተሞችን አቃጠለ፤ ብዙ ምርኮኛም ይዞ ተመለሰ።

ነገር ግን የአሦር ጦር ወደ ደቡብ በራቀ ጊዜ የኤላም ንጉሥ በሌላ መንገድ ወደ ሰሜን ገሥግሦ ሲፓር የምትባለውን ከተማ መታ። የባቢሎን ሰዎችም ንጉሣቸውን አሹር ናዲን ሹሚን ይዘው ለኤላም አሳልፈው ሰጡት። ይህ የሆነው በ694 ዓመት ነው። ልጁ ወደ ኤላም ተወሰደ፤ ከዚያ በኋላም በሕይወት አልተመለሰም። ድሎቹን በስድስት ገጽ ሸክላ ላይ አብዝቶ ያስጻፈው ንጉሥ ስለዚህ ልጁ መጥፋት በታሪኩ ውስጥ አላስጻፈም። እኛም ይህን ባነበብን ጊዜ ዝምታው ከብዙ ቃል ይልቅ እንደ ከበደን እንናገራለን።

ከዚህ ወዲያ ጦርነቱ የአገር ብቻ መሆኑ ቀረ፤ የአባት ቂም ሆነ። ኤላማውያን በባቢሎን ያነገሡት ነርጋል ኡሼዚብ በ693 ተማርኮ ወደ ነነዌ ተወሰደ። ሰናክሬም በዚያው ዓመት ወደ ኤላም ዘልቆ ገባ፤ ነገር ግን የተራራው ብርድ፣ ዝናብና በረዶ መለሰው። ባቢሎናውያንም ሙሼዚብ ማርዱክ የሚባለውን ከለዳዊ አነገሡ። የማርዱክ ቤተ መቅደስ የሆነውን የኤሳጊላን ግምጃ ቤት ከፍተው ወርቁንና ብሩን ለኤላም ንጉሥ ላኩለትና ጦር ገዙበት። በ691 ሁለቱ ወገኖች በጤግሮስ ዳር ሐሉሌ በሚባል ስፍራ ገጠሙ። ሰናክሬም 150,000 ጠላት እንደ ገደለ አስጻፈ። የባቢሎን ዜና መዋዕል ግን ያፈገፈገው የአሦር ጦር ነው ይላል። አንድ ውጊያ በሁለት ወገን ሲጻፍ እንዴት እንደሚለያይ ከዚህ ተማርን፤ የታሪክ ተማሪም የአንዱን ወገን ጽሑፍ ብቻ አንብቦ እንዳይፈርድ ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ሐሉሌ ሰናክሬምን ቢያዘገየውም አልመለሰውም። በሚቀጥለው ዓመት ባቢሎንን ከበበ። ከበባው ከ15 ወር ያላነሰ ጊዜ ቈየ። በዚያን ጊዜ በከተማዪቱ ውስጥ የተጻፈ አንድ የሸክላ ውል የሕዝቡን መከራ ይመሰክራል። ሁለት ሊትር ያህል ገብስ በአንድ ሰቅል ብር ይሸጥ ነበር። የከተማዪቱ በሮች ስለ ተዘጉ በአራቱም ማዕዘን መውጫ አልነበረም፤ የሞቱትንም የሚቀብር ጠፍቶ ሬሳ አደባባዩን ሞላው። ርዳታ ይመጣበታል ተብሎ ተስፋ የተደረገበት የኤላም ንጉሥም በ689 ድንገተኛ ሕመም መትቶት አፉ ተያዘ፤ መናገርም ተሳነው። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ገደማ ባቢሎን ወደቀች።

ሰናክሬም ያደረገውን ከእርሱ በፊት የነበረ የአሦር ንጉሥ አላደረገውም። ሙሼዚብ ማርዱክን ማርኮ ወሰደ። የከተማዪቱን ሀብት ለወታደሮቹ ሰጠ፤ የአማልክቱንም ምስሎች አሰበረ። ቤቶችንና ቤተ መቅደሶችን ከጫፋቸው እስከ መሠረታቸው አፍርሶ በእሳት አቃጠለ፤ ፍርስራሹንም በቦይ ውስጥ ጣለ። ከዚያ በከተማዪቱ መካከል ቦዮች ቈፍሮ የወንዙን ውሃ ለቀቀባት። ያደረገውንም ያስጻፈው ራሱ ነው፤ ዓላማው የከተማዪቱ ስፍራ እንኳ ወደ ፊት እንዳይታወቅ ነበር። ከባቢሎን አፈር ጥቂቱን ወስዶ አሹር በምትባለው ከተማ በቤተ መቅደስ አስቀመጠው። ከዚያ ወዲያ ያሉት የግዛቱ ስምንት ዓመታት በኋላ ዘመን በተጻፈው የባቢሎን ነገሥታት መዝገብ ንጉሥ ያልነበረበት ዘመን ተብለው ተቈጠሩ።

ውድ አንባቢዎቻችን፤ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን ወደ ነነዌ እንመልከት። ባቢሎንን በውሃ ያጠፋው ይህ ሰው በዚያው ዘመን ነነዌን በውሃ ያለማት ነበር። 12 ኪሎ ሜትር ያህል ዙሪያ ያለው ቅጥር አሠራላት። አቻ የለውም ብሎ የጠራውን ቤተ መንግሥት አቆመ። ከሩቅ አገር ዛፍና አትክልት አስመጥቶ ተከለ፤ ከእነዚህም መካከል ሱፍ የሚያፈራ ዛፍ ተብሎ የተጻፈው ጥጥ ነበር። ለዚህ ሁሉ ውሃ ያስፈልግ ነበርና ከተራሮቹ ሥር ቦይ አስቈፈረ። የቦዮቹ ርዝመት በጠቅላላው ከ150 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ጀርዋን በሚባለው ስፍራ ቦዩ ሸለቆ ባጋጠመው ጊዜ ውሃውን በላዩ የሚያሻግር የድንጋይ ድልድይ አሠራ። ርዝመቱ ከ280 ሜትር ይበልጣል፤ ሁለት ሚሊዮን ያህል ጥርብ ድንጋይም ገብቶበታል። ፍርስራሹ ዛሬም ይታያል።

ዋናው ቦይ ኪኒስ ከሚባለው ስፍራ ተነሥቶ በአንድ ዓመት ከሦስት ወር ተፈጸመ። በምረቃው ጊዜ ንጉሡ ከመድረሱ በፊት የውሃው በር በራሱ ተከፍቶ ውሃው ፈሰሰ። ሠራተኞቹ ሳይቀጡ አይቀሩም ብለን ጠብቀን ነበር። ሰናክሬም ግን ነገሩን እንደ መልካም ምልክት ቈጥሮ የቈፈሩትን ሰዎች ያማረ ልብስ አለበሳቸው፤ የወርቅ ቀለበትም ሸለማቸው። በኪኒስ ገደል ላይ ይህን ሥራውን በድንጋይ አስቀረጸው። እኛን ያስደነቀን በዚያው ጽሑፍ ውስጥ የባቢሎን ጥፋት መገኘቱ ነው። አንድ እጅ፤ በአንድ ድንጋይ ላይ፤ ለአንዲቱ ከተማ ያመጣውን ውሃና በሌላዪቱ ላይ የለቀቀውን ውሃ አከታትሎ ጻፈ። ሁለቱም ለእርሱ እኩል ክብር ነበሩ።

የንጉሡም ፍጻሜ ከገዛ ቤቱ መጣ። ልጁ አሹር ናዲን ሹሚ ከጠፋ በኋላ አርዳ ሙሊሱ የሚባለው ልጁ አልጋ ወራሽ ሆኖ ነበር። በኋላ ግን ንጉሡ ናቂያ ከምትባለው ሚስቱ የተወለደውን ታናሹን አስራዶንን መረጠ። አርዳ ሙሊሱ ይህን ቂም ይዞ በአባቱ ላይ አሤረ። ስለዚህ ሤራ የሚናገር የሸክላ ደብዳቤ ነበረ፤ ትክክለኛው ትርጉሙም በ1980 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓውያን አቈጣጠር በሊቁ በሲሞ ፓርፖላ ታወቀ። አንድ ሰው ሤራውን ሰምቶ ለንጉሡ ሊነግር መጣ። ሹማምንቱ ፊቱን ሸፍነው አገቡት፤ እርሱም በንጉሡ ፊት የቆመ መስሎት ልጅህ ሊገድልህ ነው ብሎ ተናገረ። መሸፈኛው በተገለጠ ጊዜ ፊት ለፊቱ የተቀመጠው አርዳ ሙሊሱ ራሱ ሆኖ ተገኘ። ሰውየውም ተገደለ። ማስጠንቀቂያው ያልደረሰው ሰናክሬምም በ681 በልጁ እጅ ሞተ። መጽሐፍ ቅዱስ በአምላኩ ቤት ሲሰግድ እንደ ተገደለ ይናገራል፤ አርዳ ሙሊሱንም አደራሜሌክ ብሎ ይጠራዋል።

አስራዶን ወንድሞቹን አሳዶ ነገሠና ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ አባቱ ያፈረሳትን ባቢሎንን መሥራት ሆነ። ካህናት ከተማዪቱ 70 ዓመት ባድማ ሆና እንድትቈይ ማርዱክ ፈርዷል ይሉ ነበር። በሚስማር ቅርጽ ጽሕፈት ግን 70 ቍጥር ምልክቶቹ ቢገለበጡ 11 ይሆናል። አስራዶንም አምላኩ ራርቶ ቍጥሩን ገለበጠው አለና 11 ዓመት እንደ በቃ ዐወጀ። እንደዚህ ባለ ብልሃት የአባቱን ስም ሳያዋርድ የአባቱን ሥራ ሻረ።

ነገር ግን የፈረሰ ግንብ ሲሠራ የተሰበረ ልብ አብሮ አይሠራም። አስራዶን ሲሞት አንዱ ልጁ አሹርባኒፓል በአሦር፤ ሌላው ልጁ ሻማሽ ሹም ኡኪን በባቢሎን ነገሡ። ወንድማማቾቹ ከ652 እስከ 648 ተዋጉ፤ ባቢሎንም እንደ ገና ተከባ በረኃብ ወደቀች። በ626 ናቦጶላሳር በባቢሎን ነግሦ በአሦር ላይ ተነሣ። ይህም የናቡከደነፆር አባት ነው። በ614 ሜዶናውያን አሹርን አፈረሱ። በ612 ሜዶንና ባቢሎን አብረው ነነዌን ከበቧት፤ በሦስት ወርም ያዟት። ይህ የሆነው ባቢሎን በጠፋች በ77ኛው ዓመት ነው። የግሪክ ጸሐፊዎች ቅጥሯን ያፈረሰው የወንዝ ሙላት ነው ብለው ጽፈዋል።

ከዚያ በኋላ ነነዌ ለብዙ መቶ ዓመታት ጕብታ አፈር ሆና ቀረች። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1847 እንግሊዛዊው ላያርድ በሞሱል ከተማ ማዶ ቈፍሮ የሰናክሬምን ቤተ መንግሥት አገኘ። የለኪሶ ድል የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ዛሬ በሎንዶን በብሪቲሽ ሙዚየም ይታያሉ። ንጉሡ በዙፋኑ ተቀምጦ ምርኮኞች ሲሰግዱለት ይታያል፤ ፊቱ ግን ሆን ተብሎ በመሣሪያ ተፈግፍጓል። ሐልዚ በሚባለው የነነዌ በርም በ1989 እና በ1990 የቈፈሩ ሊቃውንት ከተማዪቱ በወደቀች ዕለት የሞቱ ሰዎችን ዐፅም አግኝተዋል። ከእነዚህ መካከል የልጆችም ዐፅም አለ። ባቢሎንን ያጠለቀለቃት ሰናክሬም በዚያን ዕለት አልነበረም፤ ዕዳውን የከፈሉት ከእርሱ በኋላ የተወለዱት ናቸው።

አሁን ወደ ክርክራችን እንመለስ። ሰናክሬም ሠሪ ነው ያልነውም አጥፊ ነው ያልነውም ሁላችን እውነት ተናግረን ነበር። ስሕተታችን ሁለት ሰዎች እንደ ሆኑ አድርገን መከራከራችን ነው። አንዱ ሰው ነው ቦዩን የቈፈረው፤ ዕውቀቱም ያው ነበር። ውሃን ወደ ወደደው ስፍራ የሚመራ ብልሃት ነበረው፤ ቂሙን የሚመራበት ብልሃት ግን አልነበረውም። በልጁ ማዘኑን ማንም አይነቅፍበትም፤ ልጁን ያልሰጡትን ሕፃናትና ሴቶች ከሰጡት ጋራ አንድ አድርጎ ማጥፋቱ ግን የራሱን የልጅ ልጆች አስያዘበት። አባቶቻችን የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚሉት ለዚህ ነው።

እኛም ነገ መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ አስተዳዳሪና መኰንን ለመሆን የምንማር ነን። በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ ይህን የቈየ ታሪክ ያቀረብነው ዕውቀት ብቻውን ሰውን እንደማያስመሰግነው ለማሳሰብ ነው። ያወቀ ሰው ዕውቀቱን ከማፍሰሱ በፊት ቦዩ ወዴት እንደሚወርድ ይመልከት።